ፀሐይን የሰረቅኩበት ክረምት

የእህቴ ልጅ ናትናኤል ስድስት ኪሎ ይማራል፤ ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ የኮምፒውተር ጌም እየሠራ ነው። ባለፈው ሐምሌ ፒያሳ ሲፈርስ ተርፎ በቀረ አንድ ኬክ ቤት ቀጠረኝና ላፕቶፑን ከማኪያቶዬ አጠገብ ከፍቶ የጌሙን ዋና ጠላት አሳየኝ። ቀንድ አለው። ዓይኑ ፍም ይመስላል። ጥቁር ካባው መሬት ይጠርጋል። ያገኘውን መንደር ሁሉ ያቃጥላል።

«እንዴት ነው አክስቴ፣ ያስፈራል?» አለኝ።

«መንደሩን የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?»

«ክፉ ስለሆነ ነዋ።»

ልመልስለት ስል ዝናቡ ወረደ። ለመጠለል ከገቡት ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ቆመው ካፖርታቸውን አራገፉ። የናፍታሊን ሽታ መጣ። ናትናኤል አፍንጫውን ሸፈነ፤ እኔ ግን ወደ ሽታው ዞርኩ። ወዲያው ዕድሜዬ አሥራ አንድ ሆነ። ትከሻዬ ላይ ከቁመቴ የሚረዝም ካባ አለ፤ እኔም ፀሐይን ሰርቄያለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚያው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ መስከረም ሰማዩም ይዘጋል። የግቢያችን ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙ ስለነበሩ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርሽ» ይባላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ከላይ ከወርቅ ቤቶቹ በኩል ቀኑን ሙሉ የሚመጣው የመዶሻ ቂው ቂው እንኳን ይዋጣል። ጭጋጉ ቁልቁለቱን ይዞ እስከ በራችን ይወርድና የውኃ ቧንቧው ጋ የቆመውን ሰው እግሩን ብቻ አስቀርቶ ይወስደዋል።

ጨዋታውን የፈጠረው ያ ጭጋግ ይመስለኛል፤ ፋሲል ግን እኔ ነኝ ይላል። ፋሲል የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ በትዕዛዝ ደግሞ በጣም ይበልጠኛል። በእሱ ሕግ መሠረት የጭጋጉ ንግሥት ፀሐይን ሰርቃ ከሰባት በር በስተጀርባ ደብቃታለች። ጀግኖቹ በሮቹን አልፈው ፀሐይን ነጻ ማውጣት አለባቸው። እያንዳንዳችን በኪሳችን ቆርኪ እንይዛለን፤ ቆርኪ ነፍስ ነው። በየበሩ ጠባቂ አለ፤ እንቆቅልሹን ያልፈታ ወይም በትግል የወደቀ ነፍስ ይከፍላል። ነፍሱ ያለቀበት አሸንዳው ሥር ይቆምና ውኃው ራሱን መትቶት እንደገና ይወለዳል። ለታይ የምትባለው ጓደኛዬ ሐኪም ነበረች፤ ነፍስ ለጎደለው ከራሷ ቆርኪ ትሰጣለች። ጨዋታው በጣም ሲጥም ሁልጊዜ እናቷ ከመስኮት «ለታይ፣ ንዒ!» እያሉ በትግርኛ ይጠሯታል፤ ያኔ ቁስለኛ ሁሉ ያለ ሐኪም ይቀራል። ፀሐይዋ የቢጫ ቀለም ጣሳ ክዳን ናት።

ንግሥት መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ንግሥት ሁልጊዜ ትሸነፋለች፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በጣውላ ሰይፍ ይዠልጣታል። ስለዚህ አርፍዶ የመጣ ይሆናታል። አንድ ቀን ያረፈድኩት እኔ ሆንኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ተራው ከእኔ አልወረደም። «ድምፅሽ እኮ ለክፉ ሰው የተሠራ ነው» አለኝ ፋሲል። ቶንሲል ተለይቶኝ ስለማያውቅ ድምፄ እንደ አሮጌ በር ነበር። ትምህርት ቤት መዝሙር ሲዘመር አስተማሪያችን «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብለውኛል። ከፋኝ፤ ግን ጥፍሬን አውጥቼ «ሃ ሃ ሃ» አልኩ። ሳቁብኝ። ዠለጡኝ። ክዳኑን ይዘው ሄዱ።

ከዱላው የባሰው ግን የሰባተኛው በር ነገር ነው። ሰባተኛው በር የጋሼ ደምሴ ደጃፍ ነበር። ፋሲል የመረጠው በግቢው ውስጥ ከዚያ የሚያስፈራ ቦታ ስላልነበረ ነው። ጋሼ ደምሴ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሲሄዱ አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ ረጅም ሰው ናቸው። ትልልቆቹ በሌሉበት «ባንዳው» ይሏቸዋል። «ባንዳው ዛሬ አርፍዶ ገባ»፣ «ባንዳው ስኳሩን ወሰደ?»። እኛ ልጆቹ በትምህርት ቤት ባንዳ ማለት ለጣሊያን አድሮ አርበኛ ያስያዘ ሰው እንደሆነ ተምረናል። የቀረውን ራሳችን ሞላነው። እግራቸውን የመቷቸው አርበኞች ናቸው። ጣሊያን የከፈላቸው ወርቅ ወለሉ ሥር ተቀብሯል። ከወርቅ ቤቶቹ አጠገብ የሚኖሩትም አንድ ቀን አውጥተው ለመሸጥ ነው።

እንግዲህ ጀግኖቹ ስድስቱን በር እስኪያልፉ ድረስ እኔ በዚያ ሰው ደረጃ ላይ ክዳኔን ታቅፌ ብቻዬን እቀመጣለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረታና ጀግኖቹ ሦስተኛው በር ላይ ተጣልተው ቀሩ። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌ እንቀጠቀጣለሁ። በሩ ከጀርባዬ ተከፈተ።

«ማነሽ?» አሉኝ ጋሼ ደምሴ።

ስሜ ጠፋብኝ። «ክፉዋ ነኝ» አልኩ።

ቁልቁል አዩኝ። «እኔም» አሉ። «ግቢና ልብስሽ ይድረቅ።»

አልገባሁም፤ ሮጥኩ። እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ በረጠበ ልብሴ ተጠመጠምኩባትና ባንዳው ራሱ እንዳመነልኝ ነገርኳት። እናቴ በሊጥ እጇ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ቲያትር ላይ እኮ ነው የኔ ሞኝ። ተዋናይ ናቸው። አርበኞቹ የተደበቁበትን ዋሻ ለጣሊያን የሚያሳየው ባንዳ ሆነው ሲጫወቱ አዳራሹ ሊበላቸው ነበር። እኔም የብርቱካን ልጣጭ ወርውሬባቸዋለሁ።» ትንሽ አሰበችና በኩራት ጨመረች፦ «ጆሯቸውን መታሁት።»

«እግራቸውስ?»

«ከመድረክ ወድቀው ነው።»

ወርቁ ስለሌለ አዘንኩ። በማግስቱ ግን ደረጃው ላይ ስቀመጥ በሩን ራሴ አንኳኳሁ።

የጋሼ ደምሴ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ መስተዋትና መቀመጫቸው የጎደጎደ ሁለት ወንበር ነበራት። እሳቸው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳን ደግ ሰው ሆነው ተጫውተው አያውቁም። የንጉሡን መርዝ የሚበጠብጡት እሳቸው፣ የሙት ልጅ ርስት የሚነጥቁት እሳቸው፣ ሙሽራዋን አባብለው የሚያስጠልፉት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን መድረክ ላይ አይወጡም። አንድ ጊዜ ሆዳም ሹም ሆነው ሲጫወቱ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የገዛ ሆዱን አየ፤ ከኋላ ያለው ሰውም ያን ሰው እያየ ሳቀ። ከዚያ በኋላ «ጤናዎ አልተስማማም» ተብለው የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ይህን ሲነግሩኝ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ካባዎቹን ከብል እጠብቃለሁ» አሉኝ።

እንዴት እንደምትጫወቺ አሳዪኝ አሉኝ። ጥፍሬን አውጥቼ «ሃ ሃ ሃ» አልኩ።

አልሳቁም። «ፀሐይን ለምን ሰረቅሽ?»

«ክፉ ስለሆንኩ።»

«እሱ ስምሽ ነው፤ ምክንያትሽ አይደለም። ክፉ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ዛሬ ምን ክፋት ልሥራ አይልም፤ ዛሬ ምን ላግኝ ነው የሚለው። ንግሥትሽ ፀሐይን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልትደብቃት።»

«ደብቃ ምን ታገኛለች?»

ሂጂና አስቢበት አሉኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝና ሌላ ነገር አሳዩኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አዩ፤ ዝናቡ እየጮኸ እሳቸው በቀስታ አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማሁም። ጠጋ አልኩ። ደገሙት። አሁንም ጠጋ አልኩ፤ ጉልበታቸው ጋ ደረስኩ። «አየሽ፣» አሉ፣ «ራስሽ መጣሽልኝ።» ቀና ብለው ሲያዩኝ ባንዳውን አየሁት። ጀርባዬ ላይ ውኃ ያፈሰሱብኝ ያህል ሆንኩ። ወዲያው ፊታቸው ተመለሰና ጋሼ ደምሴ ሆኑ።

አንድ ቀን እናቴን አስፈቅደው ኬክ ቤት ወሰዱኝ። ጣፋጭ ይወዱ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙት ሴትዮ ሲያዩአቸው ፊታቸውን አጨማደዱና ለእኔ ደህናውን የሚልፎሊ ኬክ፣ ለእሳቸው ደግሞ ተሰባብሮ ከትሪው ጥግ የቀረውን አነሱ። ለሌላው ሰው ሁሉ ሙሉውን ይሰጣሉ። እኔ ተቆጣሁ፤ «ለምን ይሄን ይሰጧቸዋል?» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ደምሴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረጉኝ።

«ተያቸው» አሉ ፍርፋሪውን በማንኪያ እየሰበሰቡ። «ያቺን ሙሽራ ካስጠለፍኩ ወዲህ እንዲህ ናቸው። ጀግናውን የተጫወተው ጓደኛዬ እዚህ ሲመጣ ስሙን እንኳን አያስታውሱትም። የእኔን ኬክ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ይሰብራሉ።» በደስታ በሉት።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቤቴ ውስጥ ነው። ያኔ የናትናኤል እናት፣ ታናሽ እህቴ፣ ገና ጨቅላ ነበረች። ሕፃን ጠዋት ጠዋት በቅቤ ታሽቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ያለዚያ አጥንቱ አይጠናም ይባላል። በዚያ ክረምት ግን ፀሐይ ጠፋች። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ሰማዩን ትጠብቃለች። ደመናው ሰንጠቅ ሲል ሮጣ ትወጣለች፤ ብርድ ልብሱን ሳትገልጥ መልሶ ይከደናል። አንድ ጠዋት ቅቤ በነካ እጇ ሰማዩን እያየች «አንድ ቀን፤ ለእኔ ልጅ አንድ ቀን ብትወጪ ምን ትሆኛለሽ?» ስትል ሰማኋት። ሕፃኗ ታስል ነበር። የእናቴ ፊት ያስፈራ ነበር፤ መሰላል ቢኖራት የምትወጣ ትመስላለች።

ቁርሴን ትቼ ወደ ጋሼ ደምሴ ሮጥኩ።

«አግኝቻለሁ። ልጇ በርዷታል» አልኳቸው።

«በይ እንግዲህ፣» አሉኝ፣ «ካሁን በኋላ ከእኔ የምትማሪው ብዙ አይደለም።»

የዚያን ዕለት ጀግኖቹ ሰባተኛው በር ሲደርሱ ጥፍሬን አላወጣሁም። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ በዚያ በጎረነነ ድምፄ በቀስታ ተናገርኩ፤ ለመስማት ጠጋ አሉ። ልጄ በጭጋግ ውስጥ ተወልዳ ሙቀት የሚባል አታውቅም አልኩ። ጎረቤቶቼ ሁላችሁም ፀሐይ ነበራችሁ፤ በየደጃችሁ እየዞርኩ አንድ ቀን አውሱኝ ብዬ ለመንኩ፤ በር ዘጋችሁብኝ። እንግዲህ እኔም ሰባት በር ዘጋሁ። ማን ነው አሁን ከልጄ ላይ የሚያነሣት?

ሰይፎቹ ሁሉ ወደ ታች ወረዱ። ለታይ ኪሷን በረበረችና የነበራትን ቆርኪ ሁሉ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ፋሲል።

«ሐኪም ነኝ። ልጅ ታማለች።»

«የክፉ ሰው ልጅ ናት።»

«ልጅቷ ምን አደረገች?»

ፋሲል ሰይፉን መሬት ላይ ወረወረ። «ጨዋታው ተበላሽቷል፤ ክፉ ሰው አያሳዝንም፤ ሕጉ እንዲህ አይደለም» እያለ ወደ ቤቱ ገባ። ጨዋታው ለቀናት ቆመ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልዠለጠኝም።

ያስታረቀን ቀበሌ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደለ ወጣት፣ ቀጭንና ሲናገር የማይስቅ ሰው ነበር። ለክረምቱ ፕሮግራም መዝጊያ ልጆች ቲያትር ያሳዩ ብሎ ግቢ ለግቢ ሲዞር ፋሲል ጨዋታችንን ተረከለት። ጓድ ታደለ አዳመጠና «ንግሥት ናት አላችሁ? ጥሩ። ፊውዳል ናት» አለ። ከዚያ ትዕዛዙን ሰጠ። ንግሥቲቱ ሆድ ሊኖራት ይገባል፤ ትራስ ይታሰርላት። ስትገባ «የጭቁኖችን ላብ ጠጥቼ አልጠግብም» ትበል። መጨረሻ ላይ ጭቁኖቹ ፀሐይን ነጥቀው ያሸንፉ። ፋሲል ደስታው ፊቱን ሞላው፤ ጨዋታው ወደ ሕጉ ተመልሷል።

እናቴ ስትሰማ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። «ያሉሽን ብቻ በይ። ደግሞ ያን ስለ ልጅ የምትይውን ነገር እዚያ እንዳታነሺ፤ እዚያ ፊውዳል አያሳዝንም። ጋሼ ደምሴ እንዳስተማሩሽ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በሆድ ነገር አንድ ጊዜ ተነክተዋል፤ ሁለተኛ አይችሉም።» ጋሼ ደምሴ ራሳቸውም ተዪው አሉኝ። ከአልባሳት ክፍል ለቁም ሣጥን እንኳን የሚረዝም ወይን ጠጅ ካባ ተውሰው አመጡልኝ፤ ናፍታሊኑ ዓይን ያቃጥላል። በገመድ ትራሱን ሆዴ ላይ አሰሩልኝ። «እንደተጻፈልሽ ተጫወቺ» አሉኝ። ቋጠሮውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

የቀበሌው አዳራሽ በእርጥብ ጋቢና በእርጥብ ጫማ ሽታ ታፍኖ ነበር። ከፊት ጓድ ታደለ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ሚስቱ በቅርቡ የወለደችውን ሕፃን ታቅፋለች። ጋሼ ደምሴ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ እህቴን ይዛ መካከል ላይ ናት።

ፀሐይዋን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ሆዴን አስቀድሜ ገባሁ። ሰው ሳቀ። አፌን ለመክፈት አየር ስስብ ገመዱ ተፈታ። ትራሱ በካባው ውስጥ ተንሸራቶ ጉልበቴ ላይ ወረደ፤ ሳቁ አዳራሹን አናጋው። ከመውደቁ በፊት ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀና ስል ትራሱ ክንዴ ላይ ነበር፤ ልክ እናቴ በር ላይ ቆማ እህቴን እንደምትይዛት።

ላስመስል አስቤ አልነበረም። ክንዴ ራሱ ነው ያወቀው። የካባውን ጫፍ ሳብኩና ትራሱን ሸፈንኩት። ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ፤ ከኋላ ያሉት ምን እንደሆነ ለማየት ተነሡ። ስለ ጭቁኖች ላብ የሚለው ቃል ከራሴ ጠፍቷል። የቀረኝ አንድ ንግግር ብቻ ነበር፤ እሱኑ በቀስታ ተናገርኩት። ያ ሁሉ ሰው ለመስማት አንገቱን ወደ ፊት ሰገገ። «አንድ ቀን አውሱኝ ብዬ ለመንኳችሁ» ስል የጓድ ታደለ ሚስት የሕፃኗን ፊት ሸፈነች።

ፋሲል ከጀግኖቹ ጋር ገባ። «ክፉ ናት» አለ፤ እንደተጻፈለት።

«አንድ ቀን ብትሰጧት ምን ይላችኋል?» አሉ ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት።

«እማማ፣ ክፉ ናት እኮ» አላቸው ፋሲል፤ ይሄ አልተጻፈለትም።

«አንተ ነህ ክፉው፣ ሕፃን ላይ ሰይፍ የምትመዝ።»

አዳራሹ ከአሮጊቷ ጋር ሆነ። ፋሲል ክዳኑን ከብብቴ ነጠቀና ወደ ላይ አንሥቶ «ፀሐይ ወጣች» አለ። ማንም አላጨበጨበም። ፀሐይን ይዞ ብቻውን ቆመ። ያኔ ለታይ ሄዳ እጁን ያዘችው፤ ጎተተችው፤ ሁለቱም አብረው መጡና ክዳኑን ትራሱ ላይ አስቀመጡት። ጭብጨባው ከቆርቆሮው ላይ ካለው ዝናብ በለጠ።

ጓድ ታደለ አላጨበጨበም። ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ወደ ኋላ ሄደና ለጋሼ ደምሴ «ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ፤ ልጅቷንም ይዘው» ብሏቸው ወጣ።

በማግስቱ ጋሼ ደምሴ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው መጡ። በእጃቸው ትንሽ ፌስታል አለ፤ ፎጣና የሹራብ ጫፍ ይታያል። እናቴ ፌስታሉን አይታ ፊቷን አዞረች። አብሬ ልምጣ አለች፤ «አስተማሪዋ እኔ ነኝ፣ እኔ እበቃለሁ» አሏት። መንገዱን ሁሉ ጭቃው ላይ እግራቸው የሚጎተትበትን ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር።

ጓድ ታደለ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትራሱ ሆድ ነበር የተባለው» አለኝ።

«ወደቀብኝ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ቃሉስ? የጭቁኖች ላብ የሚለው?»

«ጠፋብኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ ታደለ ተነሣ፤ በሩ ጋ ሄዶ ውጪውን አየና ዘጋው። ተመልሶ አልተቀመጠም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ወደ እኔ ዝቅ አለ።

«ልጅቷ ዳነች?» አለኝ።

አልገባኝም። «የትኛዋ?»

«የንግሥቲቱ። ፀሐይዋን ከሰጧት በኋላ።»

ጋሼ ደምሴን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ነበር። ይህን እኔ አስቤበት አላውቅም፤ ጨዋታው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነበር የሚያልቀው።

«ድናለች» አልኩ።

«በአንድ ቀን ፀሐይ?»

«አይ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ይሰጧታል። ሌላውን ጊዜ የሁሉም ናት።»

«ጥሩ» አለ። ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይሄ በግልጽ መባል ነበረበት። ሰው ተጨንቆ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ሚስቴ እስኪነጋ አላስተኛችኝም፤ ሂድና ጠይቅ እያለች። ሂዱ አሁን።»

በሩን ከዘጋን በኋላ ጋሼ ደምሴ አጥሩ ጋ ደርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ፎጣቸውን ከፌስታሉ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

«ስንት ዓመት ተጫወትኩ» አሉ። «ተሰድቤያለሁ፣ ተወርውሮብኛል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።»

«ምን ሆነ?» አልኳቸው።

ፎጣቸውን አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ መለሱ። «በይ እንሂድ» አሉ። «እየሄድን እናስብበታለን።»

ግቢው በር ላይ ፋሲል ጭቃ በጫማው ጫፍ እየቆፈረ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም ነበር፤ ዳቦ ሰልፍ ላይ ሳይቀር «ያ ጨካኝ ልጅ» ብለውታል። ጋሼ ደምሴ ሰላም ብለውት አለፉ።

«ምን አላችሁ?» አለኝ ሳያየኝ።

«ልጅቷ ዳነች ወይ አለ።»

«ምን አልሽው?»

«ድናለች አልኩት።»

ፋሲል ራሱን ነቀነቀ። ኪሱን አንኳኳ፤ ቆርኪዎቹ ተንኳኩ።

«እንግዲያው ዛሬ ጀግና አንቺ ሁኚ» አለኝ። «የጭጋጉ ንጉሥ እኔ ነኝ። ፀሐይን ለምን እንደሰረቅኳት ግን አሁን አልነግርሽም፤ ሰባተኛው በር ስትደርሺ ትሰሚዋለሽ።»